የተደፈነው ማስተንፈሻና ከግድቡ ሥር የደፈረሰው ውሃ

ለተከበሩ የወረዳችን የጎርፍ መከላከል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ክረምቱ እርስዎን በደረቅ ወለል ላይ ስላቆየልን ደስ ብሎናል። እኛ ከግድቡ በታች ያለነውም ልብሳችንን ሳናወልቅ ከማደራችን በቀር ደህና ነን።

ዱባለ ሳህሌ እባላለሁ። መርካቶ ሸክም ከመጀመሬ በፊት አገር ቤት ሃያ ዓመት የውሃ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ከአውቶቡስ ተራ ወረድ ብሎ የወንዙን ጎርፍ እንዲይዝልን ስላሠሩልን የአፈር ግድብ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሆኖም ጥቂት ነገር በትሕትና ላንሳ።

፩. ለምረቃው ዕለት የእንግዶች ድንኳን ደልዳላ ቦታ ቢያጣ፣ የግድቡን ማስተንፈሻ በአፈር አስሞልተው ድንኳኑን በላዩ ስላስተከሉ እናመሰግናለን። ወንበሮቹ ዝንፍ አላሉም። ድንኳኑ በማግስቱ ተነሣ፤ አፈሩ ግን ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን አፍ እንደደፈነ ይኸው አለ።

፪. እኛም ጥፋት አለብን፣ አልዋሽም። ሸክም የከበደን ሁሉ ዙሪያውን ከመሄድ በግድቡ አናት ማቋረጥ ለምደን፣ መሃሉን ረግጠን ረግጠን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገነዋል። ይህንኑ አመልክተን የመጡት ባለሙያዎ ግን መሃሉ ጭቃ ሆኖባቸው ከዳር ለኩና፣ ከፍታው ሙሉ ነው ብለው ፈርመው ሄዱ። ለመሆኑ ጫማቸው ደህና ነው?

፫. ከግድቡ ሥር ውሃ ያዣል። እስካለፈው ሳምንት ጥርት ያለ ነበር፤ ከሰኞ ወዲህ ደፍርሷል። ደፈረሰ ማለት አፈሩ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው፤ ይህን ያስተማረኝ ጉድጓድ ነው። ቢሮዎ ግን አዲስ ምንጭ ተገኘ ብሎ ለሪፖርት ፎቶ አንሥቶታል። ኧረ እንኳን ደስ ያለን!

ከዚያው ሥር ጎረቤቴ እትዬ ጠሂራ ይኖራሉ። እግራቸው ከታመመ ዓመት አልፏል፤ ከአልጋ አይወርዱም። ክረምቱ እስኪያልፍ ሌላ ቤት ይሰጣቸው ብለን ብንለምን፣ ግድብ እያለ ምን ያሰጋቸዋል ተባልን። እኔ ግን እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። በጣም እፈራለሁ።

ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ከግድብዎ ሥር ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ብዬ የምኖር፣

አክባሪዎ ዱባለ ሳህሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ነው ተብለናል፤ ውሃው ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። ፈርሜ ስወጣ ከግድቡ ሥር የሚያዠውን አየሁት፣ እንደ ክንዴ ወፍሯል። እትዬ ጠሂራን ልሸከም መውረዴ ነው። መልስዎ ደርሶ ቤታችንን ካጡት፣ ወንዙን ተከትለው ይውረዱ።