ፀሐይ ሳትወጣ የሚንኳኳ በር

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ የት እንደሰነበትክ አላውቅም። ከተለየኸን ሁለት ዓመት አለፈ። በሙት ዓመትህ ያላለቀስኩትን ሰሞኑን እያለቀስኩ ነው፤ የምጽፍልህ ግን ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ፈራሁ ስትል ለሰሚው ስለማይጥም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ነው የምናገረው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ፈርሷል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለህ ጫማህን የምትቦርሽበት ድንጋይም፣ የእትዬ ዘነበች አጥርም፣ የእድሩ ዕቃ ቤትም የሉም፤ ሁሉም ሰፊ መንገድ ሆኗል። መብራቱ ያምራል፣ አልዋሽህም። አንድ እሑድ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ለማየት ከእማዬ ጋር ሄደን ሁለታችንም ሳናገኘው ተመለስን። ጎረቤቱ ገሚሱ ከከተማው ዳር ገባ። እኔና እማዬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተናል፤ እማዬ ደረጃውን በወጣች ቁጥር “መንግሥተ ሰማያት ቀረበ” ትላለች። ጋሽ መሐመድ ሱቃቸውን ወሎ ሰፈር ከፍተዋል፤ የእድሩ ድንኳንና ወንበር ከሱቁ ጀርባ ተከምሯል። እትዬ ዘነበች ደግሞ ከአንድ ልጃቸው ከቢኒያም ጋር ቄራ አንድ ክፍል ቤት ይዘው ነበር። የምጽፍልህም ስለ እነሱ ነው።

ቀን ቀን መዝገብ ቤት የምትሠራ ዝምተኛ ሰው ነበርክ። ሰፈሩ ግን የሚያውቅህ በሌላ ነው፤ የእድራችን መርዶ ነጋሪ አንተ ነበርክ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት፣ ሆስፒታል ሲሞት፣ ወሬው መጀመሪያ የሚመጣው አንተ ጋ ነው። ሕግህንም ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ። ሰው መርዶውን ብቻውን ሆኖ አይሰማም። እናት ሲመሽ አይነገራትም። ልቧን የሚያማት ከሆነች አጠገቧ የሚቀመጥ ጠንካራ ሰው ቀድሞ ይገባል። ጋቢህን ተከናንበህ ገና ሳይነጋ ስትወጣ በመስኮት አይህ ነበር። እትዬ ዘነበች “አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በሬን እንዳታንኳኳ፤ ቤትህ ቢቃጠል እንኳ ነግቶ ንገረኝ” ብለውህ ሁላችሁም ስትስቁ ትዝ ይለኛል።

ሐኪም ልሁን ስልህ ፋርማሲ አጥኚ ያልከኝም ለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒት አያለቅስም አልከኝ። እኔ ግን ግትር ነበርኩ፤ ከማን እንደወረስኩት እማዬን ጠይቃት። ተመረቅሁ፣ ገጠር ተመድቤ ሠራሁ፣ ዓምና ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ አሁን ያለሁት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። መርዶ መንገር እንኳ አስተምረውናል። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጊ፣ ቁጭ በይ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ፣ “ሞተ” የሚለውን ቃል ሳታድበሰብሺ ንገሪ ይላል ትምህርቱ። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። በፈተናው ላይ እናት ሆና ያለቀሰችው የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ስንጨርስ አብረን ማኪያቶ ጠጣን።

ደም አልፈራም አባዬ። የሰው ደረት ሲከፈትም ቆሜ አያለሁ። የምፈራው በሩን ነው። ከክፍላችን በር ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ፤ በሩ ሲከፈት እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ባንዴ ቀና ይላሉ። ከአፌ ሳይሆን ከፊቴ ሊያነቡ ይሞክራሉ። አንድ ሕመምተኛ ሲያልፍ እጄን መታጠብ ካለብኝ በላይ የምታጠበው በሩ ጋ ላለመድረስ ነው። ነርሶቹ በጣም ንጹሕ ዶክተር ነች እያሉ ያሙኛል።

ባለፈው ሳምንት ቢኒያምን አመጡት። ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የሰፈሩን ቆጣሪ ሁሉ ሲነካካ ያደገው። ጉንፋን ነው ብሎ የናቀው የሳንባ ምች ሰውነቱን ሁሉ አዳርሶት ነበር። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው “ተመስገን፣ የራሳችን ልጅ አለች!” አሉ። ከኮምፒውተሩና ከምርመራው ውጤት ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል አስፈራችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢኒያም ሞተ። ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። አለቃዬ ላቡን እየጠረገ “ቤተሰቡን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ውጪና ንገሪያቸው” አለኝ። ታጠብኩ። በሩን ከፈትኩ። እትዬ ዘነበች አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ ፔርሙሳቸውን ታቅፈው። “ሾርባ ነው፤ ዛሬ ይቀምስልኝ ይሆን?” አሉኝ።

ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንተ መጣህብኝ። እናት፣ ብቻዋን፣ ሊመሽ ሲል፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት። “እትዬ፣ ዛሬ መግባት አይቻልም፤ ቤትዎ ይሂዱና ጠዋት ይመለሱ” አልኳቸው። ፔርሙሱንም ተቀበልኳቸው። ለሞተ ልጅ ሾርባ ተቀበልኩ አባዬ። “እሺ የኔ ልጅ፣ ኑሪልኝ” ብለው ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ሾርባውን መድፋትም መቅመስም አቅቶኝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳየው ቆየሁ።

ያደረግኩትን ስነግረው የአለቃዬ ፊት ጠቆረ። “አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ የእድር ሰው?” አለኝ። በጠዋት ካልተነገራቸው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የፈራሁትን ፍርሃት በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ከሆስፒታሉ አንዱ ደውሎ አስከሬን ውሰዱ ቢላቸውስ? ሆዳቸው አልችል ብሎ ተመልሰው መጥተው ከዘበኛ ቢሰሙስ? ደም ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ብቻቸውን ሰምተው ቢወድቁ የገደልኳቸው እኔ አይደለሁም?

ለጋሽ መሐመድ ደወልኩ። “ኢና ሊላሂ” ብለው ሰውን እኔ እሰበስባለሁ አሉኝ። ትንሽ እፎይ ማለት ስጀምር “መናገሩ ግን የአንቺ ነው፤ ያ ቦታ የአባትሽ ነው” አሉ። እፎይታዬ እዚያው ቀረ።

ጎህ ሲቀድ ለመውጣት ስንዘጋጅ ያልበላሁት ሁሉ ወደ ላይ አለኝ። መታጠቢያው ላይ ተደፍቼ ሳስመልስ እማዬ ግንባሬን ያዘችኝና “ቁርጥ አባትሽን” አለች። መቀለዷ መስሎኝ ነበር። ለመርዶ በወጣህ ቁጥር ከጓሮ ዞረህ ታስመልስ እንደነበር፣ አፍህን ተጉመጥሙጠህ ከረሜላ ጎርሰህ ትሄድ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። ከተመለስክ በኋላም ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም ነበር አለችኝ። “ፈሪ ነበር እኮ” አለች፣ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች። አባዬ፣ ይህን ምነው ሳትነግረኝ? አንተ የማትፈራ፣ እኔ ብቻ የምፈራ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ራሴን ረገምኩ።

ቄራ ስንደርስ ሥጋ የጫኑት መኪኖች ገና መውጣት መጀመራቸው ነበር። ከከተማው ዳር በመጀመሪያው ታክሲ የመጡ የድሮ ጎረቤቶቻችን መንገዱ ጥግ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፀሐይ አልወጣችም። አንተ እንዳታንኳኳ የተባልከውን በር እኔ አንኳኳሁት።

እትዬ ዘነበች ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ ለብሰው ነበር። ጋሽ መሐመድን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ ከኋላ የቆመውን ሰው አዩ። ከዚያ እኔን። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙት። እማዬ በአንድ በኩል፣ ጋሽ መሐመድ በሌላ በኩል ገብተው ደገፏቸው። “እትዬ፣ ቢኒያም ትናንት ሞተ” አልኩ።

የጩኸታቸውን ነገር አልጽፍልህም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ሲደክማቸው ግን፣ መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀና ብለው በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“ብቻውን ነበር?”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። “አልነበረም” አልኩ። “እኔ ነበርኩ። እጁን ይዤው ነበር።” እውነት ነው አባዬ፣ ለማጽናናት ያልኩት አይደለም። የምንሠራው ሁሉ ሲያልቅብን ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ጓንቴን አውልቄ እጁን ይዤ ቆምኩ። ለመጽሐፍ የሚሆን ሕክምና አይደለም፤ ካርዱም ላይ አልጻፍኩትም።

“በየትኛው እጅሽ?” አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ቀኝ እጄን ሰጠኋቸው። ሳሙት፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። ድንኳኑ መጥቶ እስኪተከል ድረስ አልለቀቁኝም። እኔም እንዲለቁኝ አልፈለግኩም።

ሠልስቱ ትናንት ሆነ። አለቃዬም ለቅሶ ደርሶ ከጥግ ተቀምጦ ሄደ። የእኔ ፍርሃት ግን አልወጣልኝም፤ አሁን ዞሮ ወደ አንተ መጥቷል። አንተ ያረፍክበት ክፍል እዚሁ ሆስፒታል፣ እኔ ከምሠራበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ያኔ እኔ ገጠር ነበርኩ፤ እማዬንም አስታማሚ አያድርም ብለው ወደ ቤት መልሰዋት ነበር። ሲነጋ ነው የነገሯት። ያን ጊዜ ተረኛ የነበረችው ነርስ ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ሰላም ትለኛለች፣ ሰላም እላታለሁ። እትዬ ዘነበች በሁለት ቃል የጠየቁትን እኔ ወደዚህ ከተዛወርኩ ጀምሮ አልጠየቅኳትም። በዚያ ክፍል በር ላለማለፍ በሌላኛው ደረጃ ዞሬ እወጣለሁ። መልሱን እፈራዋለሁ አባዬ። ከየትኛውም በር፣ ከየትኛውም እናት ፊት ይልቅ እፈራዋለሁ።

ነገ ሥራ እገባለሁ። በቀጥታው ደረጃ ወጥቼ እጠይቃታለሁ። አብሬው ነበርኩ ካለችኝ የትኛው እጇ እንደሆነ ጠይቄ እስመዋለሁ። አልነበርኩም ካለችኝ ደግሞ፣ ያቺን ሰዓት በዕድሜዬ ሙሉ በየዓመቱ ከአንተ ጋር ቁጭ ብዬ አሳልፋታለሁ። ዘግይቼም ቢሆን ብቻህን አልተውህም።

ልጅህ ማርታ