ስልሳ ስድስተኛው ሥራ አስኪያጅ

ሰኞ

ዛሬም መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ዛሬም ላቦራቶሪው ከኔትወርኩ ውጭ ሆነ። ዛሬም የተሰደብኩት እኔ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ነኝ።

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር፣ ማተሚያው፣ የአስታማሚው ስልክ፣ ሁሉም አንድ ኔትወርክ ላይ ተዘርግፏል። ለሁሉም ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ያላገኘ መሣሪያ ከማንም ጋር አይነጋገርም። መብራት ሲመለስ የላቦራቶሪው አሮጌ ኮምፒውተር እስኪነሣ ድረስ ስልኮቹ ቁጥሩን ጠራርገው ይወስዱታል። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የማያውቅ የለም፤ ዘበኛው ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገራል። ደግ ሰው ነው አሉ።

ከዚያማ የደም ምርመራ ውጤት ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ለአስታማሚ ይሰጥና «ሩጥ» ይባላል። በዚህ ዘመን! አምስት ዓመት የተማርኩት ይህን ለማየት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኔትወርኩን አራት ቦታ መክፈል። ለሕክምና፣ ለቢሮ፣ ለፋርማሲ፣ ለእንግዳ። ለእያንዳንዱ ስልሳ ሁለት ቁጥር ይደርሰዋል፤ የእንግዳ ስልክ የላቦራቶሪውን አይነካም። ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ዘገዬ ነገርኩት። «አስቢበት» አለኝ። ያሰብኩትን እኮ ነው የነገርኩት።

ማክሰኞ

ስብሰባ። ጊዜ የተረፈው ይሰብሰብ።

የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ባንቺ «ባንድ መሶብ ስንበላ ኖረን ምነው አሁን ትለያዪናለሽ?» አለችኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብላም ጨመረችበት። ስለ ቁጥር እያወራሁ እሷ ስለ መሶብ።

አቶ ዘገዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ቁጥር አንድ የማን ናት?»

የራውተሩ ናት፣ ሁሉም የሚወጣበት በር ነው አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ስብሰባ ላይ ከላይ፣ ድግስ ላይ ከላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንኳ ከካህናቱ ቀጥሎ ካልተቀመጠ ቅር የሚለው ሰው ነው። ለሣጥን ቁጥር ሰጥቼ እሱን ዘለልኩት።

ረቡዕ

ጠዋት የሆስፒታሉ ኔትወርክ በሙሉ ቀጥ አለ። ገመድ ስፈትሽ፣ ራውተር ሳጠፋ ሳበራ፣ ሰው ሲጮኽብኝ ረፈደ።

ለካስ አቶ ዘገዬ በገዛ እጁ ኮምፒውተሩን ቁጥር አንድ አድርጎት ኖሯል። ሁሉም ወደ በሩ የሚልከው እሱ ቢሮ እየገባ ይቀራል። ስጠይቀው ኀፍረት የሚባል ነገር አልታየበትም፤ እኔ የቤቱ ራስ አይደለሁም ወይ ነው ያለኝ።

ቁጥር አንድን ነጠቅኩት። አንድ ጥቅም ግን ተገኘ፤ ደንግጦ «በይ ክፈይው» አለ። የጾም ሽሮዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ በላሁ።

ሐሙስ

ክፍፍሉን ስሠራ ዋልኩ። ከስልሳ አራት በታች ያለው ለሕክምና፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሩብ ለቢሮ። የቢሮው በር ስልሳ አምስት ስለሆነ ለአቶ ዘገዬ የደረሰው ስልሳ ስድስት ነው።

«ስልሳ ስድስተኛ ነኝ?»

ከኋላዬ ቆሞ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ስክሪኔ ላይ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰርግ የተጠራ ይመስል!

«ማዋለጃዋ ሰባ ቁጥር ናት። ምነው እኔ ሰፈር አስቀመጥሻት?»

ዞርም ሳልል፣ «ቁጥር ወንበር አይደለም፣ አቶ ዘገዬ» አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ዓርብ

ተከፈለ! መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ላቦራቶሪው ወዲያው ተነሣ። አስታማሚው በራሱ ሰፈር የፈለገውን ቪዲዮ ይይ።

ላቦራቶሪ ገብቼ ከነገ ጀምሮ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ አስታማሚ እንዳላይ ብዬ ወጣሁ። እንደ ሥራ አስኪያጅ።

ቅዳሜ

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።

ከቆላ ድባ የመጣች ወላድ ደሟ አልቆም አለ። ላቦራቶሪው የደም ዓይነቷን ልኬያለሁ ይላል፤ ማዋለጃው አልደረሰኝም ይላል። ድጋሚ ይልካል፤ አይደርስም። አባቷ አያ አዛናው መካከላቸው ይመላለሳሉ። እኔ ስደርስ የላቦራቶሪውን ልጅ እየለመኑት ነበር።

«ወረቀቷን ስጠኝና እኔ ልሩጥ፣ ልጄ።»

ልጁ እኔን አየኝ። የከለከልኩት እኔ ነኛ። «ጻፍላቸው» አልኩት። ሽማግሌው በኮንጎ ጫማቸው ኮሪደሩን ሲሮጡ ቆሜ አየሁ።

ማዋለጃ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሌሎቹ አዲስ ቁጥር ከራውተሩ ሲቀበሉ ይህቺ አሮጌዋን ይዛ ቀርታለች፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በእጅ የጻፈላት ቁጥር ነው። ሰባ። ገመዷ ከሕክምናው ጋር፣ ቁጥሯ የቢሮው። የተላከላት ሁሉ ቢሮ ሰፈር ሄዶ ይጠፋል። አቶ ዘገዬ ከነገረኝ ሁለት ቀን አልፎታል።

ደም ተሰጥቷታል። ተርፋለች።

እሑድ

ከቅዳሴ ሆስፒታል ሄድኩ። አያ አዛናው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የማሽኑ ባለሙያ እሷ ናት ያላቸው ሰው አለ፤ ሲያዩኝ ተነሥተው መረቁኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ማንም እንዳልነገራቸው ገባኝ። እኔም አልነገርኳቸውም። ነገ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም።

በሩ ላይ አቶ ዘገዬን አገኘሁት። ነጭ ለብሶ፣ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ። ስድብ ጠበቅኩ።

«ሰባን ከእኔ ሰፈር አነሣሻት?»

«አነሣኋት።»

«ሸጋ» አለ።

ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ቀድሞ እንዲያልፍ በሩን ለቀቅኩለት።