ማኅተም የሌላት ቀለበት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ዛሬም ቀለበት ስለይ ዋልኩ። የድሮው ወታደራዊ ጠመንጃ አፈሙዝ አጠገብ እንጨቱንና በርሜሉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት። ጠመንጃው አንድ ዓይነት፣ ፋብሪካዎቹ ሦስት። የአንዱ ጠርዝ ድቡልቡል፣ የሌላው ሹል፤ ሦስተኛው በጦርነት ጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ የማሽኑ ጭረት እንኳ አልጠፋለትም።

አለቃዬ ለሙዚየሙ የማሳያ መስኮት አንድ ጠመንጃ ይፈልጋሉ። አጉሊ መነጽር ከአንገታቸው ስለማይወርድ "አጉሊው" ነው የምንላቸው። "ከላይ እስከ ታች የአንድ ፋብሪካ ይሁን! ባዕድ ቡሎን እንዳላይ!"

ለማሳያው በመረጥኩት ጠመንጃ ላይ ያለው ቀለበት ብቻ አስቸገረኝ። የፋብሪካ ማኅተም የለው፣ ወፈር ያለ... የማንም አይደለም። አውልቄ ውዳቂው ሳጥን ውስጥ ወረወርኩትና ትክክለኛውን ገጠምኩ። እሰይ፣ ተገላገልኩ!

አባዬ ዛሬም ራቱን አልነካም። "ጠግቤያለሁ" ይላል። ምን በልቶ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ራት ላይ ስለ ጠመንጃው አወራሁለት። እንዲያው ለጨዋታ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራዊቱን ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ፣ ዓይኑም መድከም ከጀመረ ወዲህ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ባለፈው ደግሞ "በልቼ ምን ልሠራበት?" አለኝ። አንጀቴን ነው የበላው።

"ወፈር ያለ ነው አልሽኝ? ማኅተም የለውም?"

"የለውም።"

"የኔ ነዋ!"

መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ከተሰባበረ መኪና ብረት እየቆረጠ ጥቂት ቀለበቶች ሠርቶ ነበር። "አንድም የተረፈ አይመስለኝም ነበር" አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈካ። "ታመጪልኛለሽ? ብቻ ልንካው።"

"ነገውኑ!" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ሳጥኑ እኮ ዓርብ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል... ለምን ቸኮልኩ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ሳጥኑን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ማኅተም የሌለው ቀለበት መዓት ነው። ሁሉም ዝገታም፣ ሁሉም ወፍራም። ለካ በየግንባሩ ሲቆርጥና ሲሞርድ የነበረው አባዬ ብቻ አልነበረም። ማልቀስ ዳዳኝ። አንዱን አንስቼ "ይኸው" ብለውስ? ማን ያውቃል?... እሱ ያውቃል።

አጉሊው ደረሱብኝ። "ምን ሆነሻል አንቺ?"

ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል ወለሉ ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ። "አባትሽ ሲሞርዱ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እንዴት አላይም! ልጅ ሆኜ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ቆሜ አይደል ያደግኩት? ሁልጊዜ በስተቀኙ ነበር የምቆመው። ክርኑ እንዳይመታኝ... በግራ እጁ ነበር የሚሞርደው! አባዬ ግራኝ ነው!

መነጽሩን ከአንገታቸው መንጭቄ ልወስድ ምንም አልቀረኝ፤ ራሳቸው አውልቀው ሰጡኝ። የቀለበቶቹን ውስጥ በዘይት እየጠረግኩ አየሁ። የሁሉም የሞረድ ጭረት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ የአንዷ ብቻ ወደ ሌላው። እልል አልኩ። በሥራ ቦታ!

"ሰኞ ወደ ጠመንጃዋ ትመለስ" አሉኝ አጉሊው።

"የአንድ ፋብሪካ ይሁን አላሉም?"

"ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ዛሬ ግን ለአባትሽ ውሰጂላቸው።"

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ትናንት ማታ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ዳበሳት። ሊያለቅስ ነው ስል...

"ይሄ ጠርዝ አላለቀም። የቱ ሰነፍ ነው የሠራው?"

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "እጄ ግን ደህና እጅ ነበር፣ አይደል?"

"ነው እንጂ አባዬ" አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

መለስኳት። ልክክ ብላ ገባች።

እሁድ፣ ኅዳር 18

አባዬ ጠዋት ሞርሳውን ከአልጋ ሥር አስወጣኝ። የኩሽናው በር መቀርቀሪያ አልገባ ካለ ከርሟል፤ መጮሁን ሲሰማ ኖሯል ለካ! ሞረዱን በግራ እጁ ያዘ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ልይዘው ጠጋ ስል፣

"በስተቀኝ ነው የምትቆሚው" አለኝ።

ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ እጄን አሻግሬ እጁ ላይ ጫንኩ፣ አብረን ሞረድን። ሲበዛ ጠማማ ነው የወጣው። ግን በሩ ይዘጋል።

ምሳ ላይ ሳህኑን ጠራርጎ በላ። ላነሳ ስል ያዘብኝ።

"ትንሽ ጨምሪልኝ" አለ።