ፍሪጅ የገባው ተርብ

የማከብርዎትና የምወድዎት አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ክፉ ሳልስ ለቀቀዎት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን ደህና አይደለም። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ልጅዎ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቤት እግሬ ማረፊያ አጥቷል።

ስልክ ብደውል አታነሳልኝም። እርስዎ ዘንድ መሆኗን እንኳ የሰማሁት ከወንድሟ ነው። እማማ፣ እንድትመለስልኝ እፈልጋለሁ። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ምን ብላ እንደነገረችዎት አላውቅም፤ ባሌ በትልና በዝንብ አበደ ብላ ከሆነ ግን አልዋሸችም። እስቲ ከእኔም አፍ ይስሙት።

ነገሩ የጀመረው አምና ከሆስፒታል ባዶ እጃችንን ከተመለስን በኋላ ነው። እርስዎም አብረውን ስለነበሩ ያን ቀን አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ እሷ ዝም አለች፣ እኔ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ስትል እኔ ያልተበላሸ ቧንቧ እፈታለሁ። በማተሚያ ቤታችን ወረቀት የሚቆርጠው፣ "ፕሮፌሰሩ" የምንለው ሰው፣ መቁነጥነጤን አይቶ አንድ ባዶ ቀለበት ሰጠኝ። በካሜራና በሌንስ መሀል ሲገባ ትንሹን ነገር አግዝፎ የሚያሳይ ነው። ሂድና ዝንብ ፎቶ አንሳ፣ ዝንብ አደብ ካላስገዛችህ ማንም አያስገዛህም አለኝ።

መጀመሪያ ያነሳኋት ዝንብ ጭጋግ ውስጥ የወደቀች አዝራር ትመስል ነበር። ሌንሱ ያን ያህል ሲቀርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ከወረቀት የማይወፍር ስስ ቦታ ብቻ ነው። ዓይኗን ሳጠራ ክንፏ ይደበዝዛል፤ ክንፏ ሲጠራ እሷ የለችም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ በነፋሱም በካሜራውም አሳበብኩ። ፕሮፌሰሩ ፎቶዎቹን አይቶ ሳቀብኝና ምስጢሩን ነገረኝ። ፀሐይ ሳትሞቅ ውጣ፣ ያን ጊዜ ነፍሳቱ ብርድ አደንዝዟቸው አይበሩም፤ ሌንሱን አታሽከርክር፣ ራስህ በቀስታ ወደፊት ዘንበል በል፤ ትንፋሽህን ያዝ። ይኸውልዎ እንግዲህ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅ የማልችለው ሰው ለአንዲት ጥንዚዛ ስል በጧት ጭቃ ላይ በሆዴ መተኛት ጀመርኩ። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ራሴን ስቼ የወደቅሁ መስሏቸው ውሃ ይዘው ሮጠው መጥተዋል።

አንድ ጧት ከጽጌረዳው ቅጠል ሥር አንዲት ጠፍጣፋ አረንጓዴ ጥንዚዛ አገኘሁ። እንቁላሎቿን በሆዷ ሸፍና ተቀምጣለች። ቅጠሉን ብነካው፣ ብተነፍስባት፣ ፍላሹን ፊቷ ላይ ባበራው ንቅንቅ አላለችም። ከዓይኗ እስከ እንቁላሎቹ ጥርት ብሎ የወጣልኝ የመጀመሪያው ፎቶ ይህ ነው። እንደ ልጅ እየሮጥኩ ለልጅዎ አሳየኋት። ትክ ብላ አየችው። አትበርም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስኪፈለፈሉ ድረስ አትነሳም አልኳት። ከዚያ አለቀሰች፣ እማማ። የአምናው ነገር መጣባት ብዬ አሰብኩና እንደ አመሌ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠብኝ። ሽንኩርት ስጠብስ ከቤት ትወጣለች። የፊት ሳሙናዬ ሸተተኝ ብላ አስጣለችኝ፤ ከጋብቻችን ጀምሮ የምታጠብበት ሳሙና ነው! ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች በቀን እንቅልፍ ይወስዳታል። ሁለት ቀሚሶቿን ወገባቸውን ስታሰፋ አይቻት፣ ከእኔ ደብቀሽ የምትበይው ምንድን ነው ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሰው ሲሰለች ከሽታው ይጀምራል ሲባል እሰማ ነበርና፣ ሰልችታኛለች ብዬ ደመደምኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እኔም ወደ ነፍሳቴ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ፕሮፌሰሩ ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር፤ ነፍሳት ለጥቂት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጡ እንደ ጧቱ ይደነዝዛሉ አለኝ። አንድ ተርብ በማርማላታ ብርጭቆ ይዤ ከሎሚው ጎን አስቀመጥኩና መብራቴን ለማዘጋጀት ወደ ሳሎን ሄድኩ። ልጅዎ ሎሚ ልትወስድ መጣች። ያን ሰሞን ሎሚውን እንደ ብርቱካን ልጣ ነበር የምትበላው። ብርጭቆው ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ፣ ጩኸቷንም ሰማሁ። እሷ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፣ ተርቡ እየተንገዳገደ መስኮቱ ላይ አረፈ። እማማ፣ የማልዋሸው እዚህ ላይ ነው። እሷ ስታስመልስ እየሰማሁ እኔ ተንበርክኬ ተርቡን ፎቶ አነሳሁት። የአንቴናውን አንጓ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ እንደዚያ ጥርት ያለ ፎቶ ኖሮኝ አያውቅም።

ፊቷን ታጥባ ስትመጣ አሁንም ተንበርክኬ ነበር። አልጮኸችም። ለተርብ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ እኔ አንድ ነገር ልነግርህ አፌን ስከፍት ግን በር ላይ ነህ አለችኝ። ምን ልትነግሪኝ ነው አላልኳትም። ብርጭቆውን ልጥረግ ብዬ መጥረጊያ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ሻንጣዋን ዘግታለች።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቋርጬ ነበር። ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ስህተት እንዳይኖርበት ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ሎሚው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ወደ ቀሚሶቹ ተመለስኩ፣ ከቀሚሶቹ ወደ ሳሙናው። ከዚያ ካሜራውን ከፍቼ የጽጌረዳዋን ጥንዚዛ እንደገና አየኋት፤ አትበርም ወይ ያለችኝም ትዝ አለኝ። ከዚህ በታች ያለውን ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ነው የጻፍኩት።

የተርብ አንጓ ስቆጥር አጠገቤ ያለችውን ሳላይ ቀርቻለሁ፣ እማማ። እርስዎ በሩን እንደከፈቱላት ያወቁት ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ ለእሷ አያንብቡላት። ፈርታ ነው፣ ብትፈራም አይፈረድባትም፤ እኔም ፈርቻለሁ። ራሷ በፈለገችው ቀን፣ በፈለገችው ቃል ትንገረኝ። እስከዚያ ድረስ ምንም አላውቅም። ነይ ብዬ አላስቸኩላትም፣ የመኪና መንገዱ ኮረኮንች ነው። ና ካለችኝ ግን ያለ ካሜራ እመጣለሁ። ስፌት መኪናዬ ይላክልኝ ብትል እንዳይሰሟት፣ ማንሳቱም መርገጡም ይቅርባት። ሎሚ ስንት እንደሚበቃት አላውቅምና ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ዘንቢል ልኬያለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደጉን ለማየት ሁላችንንም ያብቃን፤ ዘንድሮስ አይንፈገን። የቤትዎ ደረጃ ጠባብ ነው፣ ጧት ጧትም ያንሸራትታል፤ ስትወርድ እጇን ያዙልኝ።

የልጅዎ ባል፣
የእርስዎም ልጅ