የጎደለኝ ነርስ እንጂ ልጅ አልነበረም

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለእግሬ ተጠያቂ ላደረግኩሽ ለአንቺ።

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ አደገችልሽ? ለሁላችሁም ጤናውን ይስጣችሁ፤ ተቆጥቼም ቢሆን ይህን የምለው ከልቤ ነው። እኔን ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸቱን እናንተ ጨርሳችሁታል።

ጽሕፈቱ ሲንጋደድ አይተሽ እንደ ወትሮው ጎረቤቴ የጻፈችልኝ እንዳይመስልሽ። የራሴ እጅ ነው። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ከተማሪ ዴስክ ስር አልገባ እያለኝ፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ላስደንቅሽ ብዬ ነበር የደበቅኩሽ። ይኸው፣ ተደነቂ።

የእግሬን ቁስል ልታጥብ በሳምንት ሁለቴ እቤት ድረስ የምትመጣውን ነርስ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። ሰውን ሁሉ «ማሬ» ስለምትል እኔም ማሬ ነው የምላት። ስልክ ቁጥሯን ተቀብለሽ «አደራ፣ እንደ እናትሽ እያት» አልሻት። አደራ በላ አይደለችምና እናቷ አደረገችኝ። ሻንጣዋን ሳትከፍት ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ትወጣና ባሏ ያላትን፣ አማቷ ያለቻትን ትዘከዝክልኛለች። አንድ ቀን ባሏን እንድገስጽላት ጎትታ አምጥታው ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድሽም። ቤቱ ሰው ሰው ሸተተኝ። አንዳንዴ ወሬው ሳያልቅ ሰዓቷ ይደርስና «ፋሻው ንጹሕ ነው እማዬ፣ ሐሙስ እንፈታዋለን» ብላ ትነሳለች። ልጄ ያልኳትን «ሥራሽን ሥሪ» ማለት ነውር መሰለኝ።

ትንሿ የእግሬ ጣት ስትጠቁር ሆስፒታል ወሰደችኝ። ስንመለስ «ምን አሉሽ?» ብላት «እየዳነ ነው፤ ሲድን እንዲህ ይጠቁራል» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ሻንጣዋ አዙራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳነ፣ ዳነ ብቻ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የልጇን ፎቶ እንዳይ ስልኳን ሰጥታኝ እጇን ልትታጠብ ወጣች። የአንቺ መልእክት ዱብ አለ። አንድ በአንድ አነበብኩት። «ሐኪሙ ጣቷ ይቆረጥ ማለቱን አሁንም አደራ እንዳትነግሪያት። ድንጋጤው ይገድላታል። እኔ እስክመጣ እየዳነ ነው በያት።» እስክትመጪ! ከስድስት ወር በኋላ!

ለካ ሐኪሙ ልጄ መስላው በር ላይ ለእሷ ነግሯት፣ እሷ ለአንቺ ነግራሽ ኖሯል። እግሩ የእኔ፣ ወሬው የእናንተ።

ስትመለስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፎጣው ከእጇ ወደቀ። «እንደ እናቴ ስለምወድሽ እኮ ነው!» ብላ እግሬ ላይ ተደፋች። «ተነሽ፣ የታመመው እሱ ነው» አልኳት።

በማግስቱ በምርኩዝ እየተጎተትኩ ጤና ጣቢያ ሄጄ ኃላፊዋን «ነርስ ቀይሩልኝ፤ የማይወደኝ ስጡኝ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። የሰጡኝ ሰውዬ ድርቅ ያለ ነው። አንቱ ይለኛል። የሠራሁለትን ሹራብ «ከታካሚ መቀበል አይፈቀድልንም» ብሎ መለሰልኝ። ሚስት አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «ስለ እግርዎ እንነጋገር» አለ። ቅር አለኝ። ግን ፋሻውን ፈታ፣ አየ፣ ዓይን ዓይኔን እያየም ነገረኝ፤ ያኔ ቢሆን አንድ ጣት ይበቃ ነበር፣ አሁን ሁለት ነው፣ ከዘገየ እግር ነው።

አልሞትኩም። ድንጋጤ የሚገድለኝ ቢሆን እናታችን ሞታ አንቺን በጀርባዬ አዝዬ የቀረሁ ቀን በሞትኩ። ሆስፒታል ስገባ «የሚፈርም ዘመድ የለዎትም?» አሉኝ። ብዕሩን ተቀብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ሁለቱ ጣቶቼ ሰኞ ተቆረጡ።

ትናንት ማሬ ሆስፒታል መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። «ለወሬ ከሆነ ግቢ፤ ቁስሌ ግን የሚያየው ሰው አለው» አልኳት። ገብታ ተቀመጠች። ስለ እግሬ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ባልሽን ሳሉን ችላ እንዳይለው ንገሪልኝ። አማትሽን ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እሷም ታንብበው፣ አክስቷ በእጇ የጻፈችውን ትይ። አንቺንም እስምሻለሁ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ግን በአንድ ጉንጭ ብቻ።

ይህን የጻፍኩት ከሆስፒታሉ፣ መስኮቱ ስር ካለው አልጋ፣ ኅዳር 14 ቀን ነው። ከእንግዲህ የሚያክመኝን ሰው ልጄ አልለውም። ስለ ገዛ ገላዬም ከማንም ሁለተኛ ሆኜ አልሰማም።

ታላቅሽ