ጎህ ሲቀድ ስለመጣው ጥናት ዓላማና ወሰን

…አቶ አንለይ ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከበሩ ትንሽ ወደ ጎን ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች አሉ። አማቴ ከመደቡ ሲነሱ ይሰማኛል፤ እኔም መቀርቀሪያውን እንደያዝኩ፣ ልዝጋው ወይስ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አልጠፋኝም፤ በድባጤ ስድስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። እንደገና ልጀምር።

ለተከበሩ የተፈናቃይ ቤተሰቦች ኑሮ ጥናት አስተባባሪ፤
አሶሳ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቡድንዎ አባላት ወገብ፣ የመኪናዎ ጎማ፣ የታብሌቶችዎ ባትሪ ሁሉ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ጥናትዎ ከመጣ ወዲህ ለቅሶ ተቀምጠን ተነሥተናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎች ለቢሮዎ አስገብቼ ነበር፤ በሥራ ብዛት ሳይከፈቱ መቆየታቸውን ስለተረዳሁ፣ የመክፈቱን ድካም ልቀንስልዎ ብዬ ነው።

መነን እባላለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ከድባጤ ከአማቴ ከእማማ አሰለፈች ጋር በእግር ወጣን። ባለቤቴ አሳምነው ከመንደሩ ጫፍ ላይ «ሂዱ፤ በሬዎቹን ፈትቼ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ተመለሰ። አልደረሰብንም። ሞቷል ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ አለ ብሎ የነገረንም የለም። አሁን የምንኖረው አሶሳ፣ በወይዘሮ ኢንዓም ግቢ፣ በአንድ ክፍል ቤት ነው። ቅሬታዎቼን፣ ማለቴ ምስጋናዎቼን፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ለመንገድ መሪ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ቡድንዎ የሰጠኝ የጥናት ሰነድ መሪው «በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቀና የተከበረ» እንዲሆን ያዛል። አቶ አንለይ በእርግጥም የታወቁ ናቸው። በሰፈራችን ሰው የሞተበት ቤት ሲኖር፣ መርዶውን እንዲያረዱ እድሩ የሚልከው እርሳቸውን ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ያንኳኳሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ፤ የቤቱ ሰው ያን ጊዜ ያውቃል። በቀን ሲያገኙን ተጫዋች ናቸው። «እኔን በማለዳ ከምታዩ ጅብ ብታዩ ይሻላችኋል» እያሉ ያስቁናል። ከዚህ ሁሉ የሰፈር ሰው መካከል እርሳቸውን መርጦ ማግኘት ትልቅ ጥናት እንደሚጠይቅ እገምታለሁ።

2. ለሰዓት አጠባበቅዎም እንዲሁ። ተሳታፊዎች ወደ ሥራ ሳይሰማሩ ለማግኘት የቤት ለቤት ጉብኝቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲጀመር ተወስኗል። ተገኝተናል። ጉብኝቱ በቀበሌ መዝገብ ያለውን የአባወራ ስም በመጥራት እንዲጀመርም ሰነዱ ያዛል፤ ስለዚህ ትዕግሥት የምትባለው መረጃ ሰብሳቢዎ፣ ትሑት ልጅ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአቶ አሳምነው ቤት ይህ ነው?» አለች። ነው አልኩ። «የመጣነው ስለ…» አለች። ስለ ምን እንደመጣች ከአፏ አልሰማሁም። እማማ አሰለፈች ጮኹ።

አቶ አንለይ ኋላ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ወረቀቱ እስኪነበብ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አሉኝ። እኔማ እናንተ ቤት ለምን እንደምንሄድ መች ነገሩኝ? ስሙን ስትጠራ፣ በቃ ተገኘ ማለት ነው ብዬ አብሬ አለቀስኩ» አሉኝ። እንግዲህ መርዶ ነጋሪውም ከተቀባዮቹ ጋር እኩል ነው የሰሙት።

3. ቡድንዎ ስላሳየው ጨዋነት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ወይዘሮ ኢንዓም ምንጣፎቿን ሁሉ አውጥታ አነጠፈችና አጠገቤ ተቀመጠች። የቤት ቋንቋዋ በርታ ስለሆነ አማርኛ ስታወራ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። «መነን፣ አንተ ለምን ዝም ትላለህ? አልቅስ። ወላሂ፣ ካላለቀስክ ይገድልሃል» አለችኝ። መረጃ ሰብሳቢዎችዎም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ከሰው ጋር አንገታቸውን ደፉ፤ ንፍሮ ቀመሱ። ትዕግሥት እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ። ሰነዱ «የተሳታፊዎችን ስሜት ከማወክ መቆጠብ» ይላልና፣ አንዳቸውም ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ፣ ሦስት ገጽ ወረቀት በእጄ አስይዘውኝ ወጡ።

ወረቀቱን ያነበብኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ። የጥናቱ ዓላማ፣ ያለፈውን ጉዳት መመዝገብ ሳይሆን የወደፊቱን አቅም መለየት ነው ይላል። ወሰኑ በአሶሳ ከተማ በሁለት ቀበሌዎች በአሁኑ ጊዜ የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከዚያ ዝቅ ብሎ «የት እንዳሉ ያልታወቁ ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው» የሚል አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሳምነውን ፈለግሁ። የለም። ቤታችን ድረስ መጥተው ያስለቀሱን ሰዎች ስለ እርሱ የሚያውቁት አንዲትም ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው።

ለእማማ አሰለፈች ወዲያው መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳቸውም። ዘጠኝ ቀን ወረቀቱን ፍራሽ ሥር አስቀምጬ ዝም አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ እየወረዱ፣ ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ፊት ሲያዩ ነበር የሚውሉት፤ የጣቢያው ልጆች «እማማ፣ ዛሬም አልመጣም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ከለቅሶው ወዲህ አልሄዱም። እህል ይበላሉ። እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የተኙትን ሴት ቀስቅሼ ልጅዎ አልሞተም ልበል? አልሞተም ብልስ እውነት ነው?

ደግሞ እኔ ራሴ። አልቅሼ ነበር፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ሲያበቃ ቀለለኝ። ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ እንኳ ያ ቅለት አልሄደም፤ ደረቴ ውስጥ የሰው ዕቃ እንደያዝኩ ሆኖ ተቀመጠ። ገበያ ስሄድ ከኋላዬ የሚራመድ ወንድ ሁሉ ያስደነግጠኛል። ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ጥናት መጥቶ አለቀስንልህ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ የምናገረው፣ የተሳታፊዎች ምስጢር የተጠበቀ መሆኑን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስላረጋገጡልኝ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ።

4. በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂብኝ። ወረቀት የያዘ የመንግሥት ሰው፣ በአንለይ ተመርቶ፣ በማለዳ ቤቴ ድረስ የሚመጣው ለጨዋታ ነው? አንቺ ነሽ ቁርጡን የማትቀበይው» አሉኝ። ወረቀቱ የእኔ ፈጠራ ነው ብለው ያምናሉ። እርስዎን ያምናሉ፤ እኔን አያምኑም።

5. በማግሥቱ ቢሮዎ መጣሁ። ትዕግሥት ስለ ቤታችን የሞላችውን የሙከራ ምዝገባ ከታብሌቷ ከፍታ አሳየችኝ። በትዳር ሁኔታ አንጻር «የትዳር ጓደኛ የሞተባት» ተብሏል። ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት፤ አራት ሳጥን አለ። ባሌ የት እንዳለ የማላውቅ ሴት ነኝ አልኳት። «እትዬ፣ አምስተኛ የለውም እኮ። ባዶ ከተውኩት ደግሞ ታብሌቱ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም» አለችኝ። አዝና ነው ያለችው። እኔም አዘንኩላት፤ እኔንም ወደሚቀጥለው ገጽ የሚያሳልፈኝ አላገኘሁም።

የምጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከቢሮዎ መኪና ሩብ ሰዓት የማይወስድ ነገር። ከዛሬ ስምንት ቀን በኋላ አርባው ነው። እማማ አሰለፈች ለተዝካሩ ጌሾ አስወቅጠዋል፣ ካህናቱንም ጠርተዋል። ተዝካር ከወጣለት በኋላ ለእርሳቸው አሳምነው የሚባል ሰው በሕይወት አይኖርም፤ በእግሩ ቢመጣ እንኳ የሚያምኑ አይመስለኝም። ስለዚህ ከዚያ በፊት እርስዎ ራስዎ፣ በቀትር፣ ያለ አቶ አንለይ፣ ቤታችን መጥተው «ስለ ልጅዎ የምናውቀው ምንም ነገር የለም» እንዲሏቸው ብቻ እለምናለሁ። ሌላ ማጽናኛ አያስፈልግም። ይህ ከጥናቱ ወሰን ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለቅሶውም ከወሰኑ ውጭ ነበር፤ ነገር ግን ቡድንዎ ያለ ምንም ችግር ተሳትፎበታል።

ጥናትዎ እንዲጸድቅ፣ ወደ ሌሎች ቀበሌዎችም ከመስፋቱ በፊት የሚያንኳኳውን ሰው እንዲመረምር እየተመኘሁ፣ ለጠፋብዎ ጊዜ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በጥናትዎ ሳጥን ባሏ የሞተባት፣ በራሷ ዘንድ ገና ያላወቀች፣
አክባሪዎ መነን

ማስታወሻ፦ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ጥናቱ በተሳታፊዎች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንዳያርሙት። የተጎዳው ከሁላችን ያልተሳተፈው አሳምነው ስለሆነ፣ አባባሉ ትክክል ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ እማማ አሰለፈች የአሳምነውን ጃኬት ከሣጥኑ አወጡ። ከድባጤ ያወጣነው የእርሱ ዕቃ ያ ብቻ ነው። «ክረምቱ ሳይገባ ለሚለብሰው ልስጠው» አሉ። መልስ እስኪመጣልን ስምንት ቀን ብቻ ይቆዩ፣ እማማ፣ አልኳቸው። ኪሱን ገልብጠው አራገፉት፣ አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት፣ ወደ እኔ ሳያዩ ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት።