ለሁለት የተካፈልነው መድኃኒት

ይድረስ ለእታለሜ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? የጎንሽ ውጋት ተወሽ? ዓይንሽስ ነጣ ወይስ ቢጫነቱ ተመለሰ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸቱ ይብቃን።

በስልክ ድኛለሁ ብለሽ እልል ስትዪ እውነቱን ሳልነግርሽ ዘጋሁት፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። አልዳንሽም፣ እታለሜ። እኔም አልዳንኩም።

ለጉበታችን ቫይረስ ሐኪሙ የሰጠኝ የሦስት ወር ክኒን ነበር፣ በቀን አንድ ፍሬ። አንቺ ተራ ጠብቂ ተብለሽ ዓመት ሲሞላሽ አንጀቴ አልችል አለ፤ ግማሹን በመንገደኛ ላኩልሽ። ልጆች ሳለን ያ መርፌ ወጊ በአንድ መርፌ ወግቶን በሽታውን ከተካፈልን፣ መድኃኒቱን ብንካፈል ምን አለበት ብዬ! ክኒኑን ስውጥ የጀመረኝ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲለቀኝ ቫይረሱም አብሮ የወጣ መሰለኝ። ለካስ የለቀቀኝ ክኒኑን ስለጨረስኩ ነው። ደሜን ሲመረምሩት ቫይረሱ እንዳለ ተገኘ። ነርሷ ስታፋጥጠኝ ሁሉንም አወጣሁት። ግማሽ መድኃኒት ቫይረሱን አይገድለውም፣ ጭራሽ ያለማምደዋል አለችኝ። እኔን ይድፋኝ፣ ላድንሽ ብዬ ጎዳሁሽ!

አሁን ሌላ መድኃኒት ጀምረውልኛል፤ ይሄኛው ጨካኝ ነው። ደሜን አሳንሶት ደረጃ ስወጣ አለከልካለሁ፤ ቆዳዬን ሲያሳክከኝ ያድራል። በትንሽ በትልቁ ስለምቆጣ አብረውኝ ልብስ የሚተኩሱት "በርበሬው" ይሉኛል። ትናንት ስጨቃጨቅ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ካውያውን ረስቼ አቃጠልኩት።

ነርሷ ስለማታምነኝ በየጠዋቱ ፊቷ ቆሜ ነው የምውጠው። አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ ትለኛለች። ዛሬ አንዷን ፍሬ ጉንጬ ውስጥ ሸጉጬ ላስቀርልሽ ቃጣኝ። እንዲያ ባደርግ ሁለታችንንም እንደምቀብር ትዝ አለኝና ዋጥኳት። እታለሜ፣ ሳላካፍልሽ ዋጥኳት። ይቅር በዪኝ።

ነገውኑ ሆስፒታል ሂጂ። የክኒኑን ካርቶን ያዢ፤ ስንት ፍሬ እንደዋጥሽ አትደብቂ። ቢቆጡሽ ወንድሜ ነው ያጠፋው በያቸው። ተራሽ ገና ነው ቢሉሽም ደጃቸውን አትልቀቂ። እባክሽ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይሄን ግን እንዳትነግሪያት። ለአናጢው ባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ፤ እሱም ደሙን ይመርመር። የቀበጧን ልጅሽን ጉንጭ ሳሚልኝ፣ ጥፍር መቁረጫሽን ግን ደብቂባት፤ በሽታችን በደም ይተላለፋል።

ወንድምሽ
ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 14 ቀን